ያላወቅሁት ነጠላ

ቆልፌ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለልጄ ለተሻለች፣ ግንደበረት፤

ሰላምታዬ በደኅና ያግኝሽ። መልሴ በመዘግየቱ አትቀየሚኝ፤ ቅቤ ነጋዴው ነገሬ እስኪመለስ ጠብቄ ነው እንጂ ቀለሙስ ከተበጠበጠ ሰንብቷል። የአማትሽ ሕመም እንዴት ሆነ? ከክረምት ጀምሮ አይሻላቸውም፣ አይብስባቸውም። እንዲህ ባለበት የሚቆም ሕመም እኔ አላውቅም።

ስለ ጣሪያው ለጠየቅሽኝ፣ አያፈስም። ስለ ላሚቱ፣ የለችም፤ ለምን እንደሌለች በወረቀት አልጽፍም። የፊት ለፊቱ ክፍል ማን እንዳለበት ደግመሽ ጠይቀሻል። ያው አቶ መኳንንት ነው፣ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ። ከሐምሌ ወዲህ ሌላ ሰው አልገባበትም። ይህን ለምን እንደምትደጋግሚው አልገባኝም።

ስለ እሙ ለጠየቅሽው ግን መልሱ አጭር አይደለም። ልጅሽ ተለውጣለች። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልዋሸችኝ ልጅ አሁን ዓይኔን አታይም። ከእኔ ቀድማ ትነሣና ወንዝ ትወርዳለች። "ምን ልታደርጊ?" ስላት "እግሬን ልታጠብ" ትላለች። እግር ለመታጠብ ሳሙና ጉያ ውስጥ ተደብቆ አይኬድም። ዳዊት ስደግም አጠገቤ ትቀመጥ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት መጽሐፉን አቀብዪኝ ብላት እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች።

ከዚያ በፊት ባለው እሑድ ማርያም አብረን ሄደን ነበር። የቅጥሩ በር ላይ ዞር ብል የለችም። ብቻዬን አስቀድሼ ስወጣ ከውጭ፣ ከዛፉ ሥር ቆማ አገኘኋት። ወገቧ ላይ የማላውቀው ነጠላ አሸርጣለች። ፈትሉ ሻካራ ነው፤ በእኔ ቤት አልተፈተለም።

"ከየት አመጣሽው?"

"ሰው ሰጠኝ።"

"የምን ሰው?"

"ሰው ነዋ፣ እማማ።"

ልማደ አንስት፣ የወር አበባዋ፣ መጥቶባት ይሆን ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን አይደለም። አንደኛ ገና ሕፃን ናት። ሁለተኛ፣ በዚያ ጊዜ ከቅጥር ውጭ መቆም እንደሚገባ እኔ አልነገርኋትም። ያልተነገራትን ከየት ታውቃለች?

አቶ መኳንንት ከሰዓት በኋላ መጥቶ "እማማ፣ ልጅቱን ጠበቅ ያድርጓት። በቤተ ክርስቲያኑ በር ከአንድ ሰው ጋር ስትንሾካሾክ አይቻለሁ" አለኝ። "ከወንድ ነው ከሴት?" አልሁት። "ከኋላ ነው ያየሁት" አለ። ከቅዳሴ ከቀረ ዓመት ያለፈው ሰው በዚያ በር ምን ሲሠራ እንደነበረ አልጠየቅሁትም። በሩም እንደ ድሮው አይደለም። አዲስ ጧፍ ሻጭ ተቀምጣበታለች፤ እስከ ዓይኗ የተከናነበች፣ ቃል የማይወጣት። ጧፉን በግራ እጇ አቀበለችኝ፣ አሳዳጊ የበደላት። ጧፏም ይንጠባጠባል። ዘንድሮ በር ላይ የሚቀመጥ ሁሉ ለአንዱ ወገን የሚያይ ነው።

ልጅሽ ነጠላ የሚሰጣት ሰው አግኝታለች። ማን እንደሆነ ሳላውቅ አልተኛም።

እናትሽ ቀለመወርቅ


ግንደበረት፣ ጥቅምት 22 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ ለወይዘሮ ቀለመወርቅ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ? እኛ ደኅና ነን፤ አማቴም እንደዚያው ናቸው። የላሚቱ ነገር ገብቶኛል፤ ከዚህ በላይ አይጻፉልኝ።

ስለ እሙ የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። እናቴ፣ ነጠላ የሚሰጥ ሁሉ ክፉ ሰው አይደለም። ልጅቱ ሕፃን ናት ይላሉ፤ እኔን ሲያስተምሩኝ ስንት ዓመቴ ነበር? ያኔ የነገሩኝን ለእሷ ነግረዋታል? ልወቅስዎ አይደለም። እናቷ እኔ ነኝ፤ አጠገቧ ሆኜ መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ቢቻልዎ አስቀምጠው ያነጋግሯት። ሳሙናውንም አይከልክሏት።

ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። የምጽፍልዎትን ደብዳቤ አቶ መኳንንት ያየዋል?

ልጅዎ ተሻለች


ቆልፌ፣ ኅዳር 6 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለተሻለች፤

የመጨረሻው ጥያቄሽ ቅር አሰኝቶኛል። ፊደል የቆጠርሁት አባቴ እግር ሥር፣ በአለንጋ ነው። ደብዳቤ የሚያነብልኝ ሰው አልፈልግም፤ የሚያይብኝም የለም። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ነገሬ የሚያመጣው ደብዳቤ ድሮ ቅቤ ጠጥቶ ነበር የሚደርሰኝ፤ ፊደሉን ለማየት ፀሐይ ላይ እይዘው ነበር። የሰሞኑ ግን ንጹሕ ነው። ከግንደበረት እዚህ ድረስ በቅቤ ጭነት መሐል ተጉዞ ጠብታ ያልነካው ወረቀት እንዴት ያለ ወረቀት ነው? ነገሬን ብጠይቀው "በደረት ኪሴ ይዤው ነው" አለኝ። የዚያ ሰውዬ ደረት ኪስ ከቅቤ ቅልም ይብሳል።

ስላልሽኝ እሙን አስቀመጥኋት። ቀላል አልነበረም። በእኔ ጊዜ ይህ ነገር በአፍ አይነገርም ነበር። ሲመጣብኝ አክስቴ ዳዊቱን ከእጄ ላይ ወስዳ ጓዳ አስገባችኝ፤ ጨርቅ ሰጠችኝና በሩን ዘጋችው። ትምህርቱ ያ ብቻ ነበር። ለአንቺ የተሻለ አድርጌያለሁ ብዬ አምናለሁ።

"እሙ፣ ቁጭ በዪ" አልኋት።

"ምን አጠፋሁ?"

"አላጠፋሽም። ሴት ልጅ ዕድሜዋ ሲደርስ..."

"አውቃለሁ፣ እማማ።"

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"ከወር ወር የሚመጣውን ነዋ። በሽታ አይደለም። አልሞትም።"

"ትሞቻለሽ ያለሽ ማን ነው?"

"ማንም። እኔው ነኝ ያልሁት።"

"አትሞቺም ያለሽስ?"

መቀነቷን ማጥበቅ ጀመረች። እኔም የጀመርሁትን ልጨርስ ብዬ "በዚያ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን አይገባም" ስላት ከአፌ ነጠቀችኝ። "አይገባም፣ ከቅጥር ውጭ ይቆማል። እግዜር ከውጭም ይሰማል" አለችኝ። ይህን ቃል ከእኔ አልሰማችም። እንዴት እንደሚታጠብ ታውቃለች፤ የት ፀሐይ እንደሚመታው ታውቃለች፤ ሆዷን ሲቆርጣት ምን እንደምታደርግ ታውቃለች። እኔ ለመናገር ስንት ቀን ስዘጋጅ የሰነበትሁትን ሁሉ አንድ ሰው ቀድሞኝ ነግሯታል። ስሙን ቢገርፉኝም አልናገርም አለችኝ። ይህን ያለችው ቆማ፣ ዓይኔን እያየች ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዓይኔን ያየችው ያን ዕለት ብቻ ነው።

እንግዲህ አይጠራጠሩ ብትዪኝም እጠራጠራለሁ። ወንድ ይህን አያውቅም ትዪኝ ይሆናል። የጣሊያን ሐኪም ያውቃል። የሐኪሙ ልብስ አጣቢ ታውቃለች። ልጅን በደግነት አስለምዶ፣ አባቷ ገረሱ የት እንደገባ የሚጠይቃት ሰው ይኖራል።

አቶ መኳንንት መፍትሔ አለኝ ብሏል። የወንድሙ ልጅ ፈጠነ የጣሊያኖቹ መጋዘን ዘበኛ ነው። "ስሟ ሳይነሣ እንዳራት፤ ለቤቱም ጥላ ይሆናል" አለኝ። ጥምቀት ሲያልፍ እንዲሆን ይፈልጋል። እሺ አላልሁም። እምቢም አላልሁም። ይህ ሰው እምቢ ሲባል ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፤ እሺ ካልሁት ደግሞ ቢያንስ የት እንደምታድር አውቃለሁ። ወደ እሺታው እያደላሁ ነው፤ እናቷ ነሽና ሳልነግርሽ አላደርገውም።

ቀለመወርቅ


ግንደበረት፣ ኅዳር 17 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለእናቴ፤

ሰላምታውን በአጭሩ ያዙልኝ።

እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ፤ አይዳሯት። ደም አየች ማለት ለባል ደረሰች ማለት አይደለም። ገና ሕፃን ናት ያሉኝ እርስዎ ነዎት፤ በአንድ ወር ውስጥ እንዴት አደገች? አባቷም ካለበት ሳይጠየቅ አይሆንም። የአቶ መኳንንት ዘመድ ቤት ከገባች ዳግመኛ አናያትም።

የነገራት ሰው እንዲህ ካስጨነቀዎት ጎረቤትዎ ፋሪዳ ትሆናለች። ፋሪዳ ሴት ልጆች አሳድጋለች። እባክዎ እሷ ናት ብለው ይተዉት። ከጥምቀት በኋላ መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ፤ እስከዚያ ቃል አይስጡ።

ስለ ወረቀቱ ንጽሕና ምን እንደምመልስ አላውቅም። ይቅር ይበሉኝ።

ተሻለች


ቆልፌ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለተሻለች፤

ይህን ደብዳቤ ለነገሬ አልሰጠሁትም። "ለዚያች ለምታውቂያት ሰው ስጫት" ብዬ ለእሙ ሰጠኋት። ፊቷ እንደ አመድ ሆነ። ከዚያ ምንም ሳትጠይቀኝ ቀሚሷ ውስጥ ከተተችው። አለመጠየቋ መልስ ሆነኝ። ስለዚህ በግልጽ እጽፋለሁ፤ ካነበብሽው በኋላ አቃጥዪው።

መጀመሪያ እንዳልሽኝ ፋሪዳ ዘንድ ሄድሁ። እህል ስታበጥር አገኘኋት። "ለልጄ ስለ ወር አበባ የነገርሻት አንቺ ነሽ?" አልኋት።

ሰፌዱን አስቀምጣ ሳቀችብኝ። "እትዬ ቀለም፣ ስለ ማርያም ቅጥር እኔ ልነግራት? የእኔማ ልጆች ሲመጣባቸው ከሶላት ያርፋሉ፤ ሌላ ምን አውቃለሁ! ይልቅ እርስዎ የት ሄደው ነበር?"

የሌላ እምነት ሰው በምን ታውቃለች ብዬ ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ፤ አንቺም ይህ አይጠፋሽም ነበር። ከተደናገጠ ሰው የመጣ ምክር ነው ብዬ ተመለስሁ።

ትናንት እሙ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ሳለች ጋቢዬን ከአጥሩ ላይ ላነሣ ስል ከሥሩ ጨርቆች ተዘርግተው አገኘሁ። ፀሐይ እንዲያያቸው፣ ሰው እንዳያያቸው ተደርገው። ያ ሻካራ ነጠላ ነው፣ ተቀዶ። ጥለቱ ተነሥቷል፤ ቀለሙ እንዳይለቅ ጥለቱ መነሣት እንዳለበት አስተምር ነበር። በቁመቱ ሦስት ታጥፎ፣ ጭኗን እንዳይልጣት ጠርዙ ወደ ውስጥ ገብቷል። በሁለቱም ጫፍ መቀነቱ የሚያልፍበት ቀለበት ተሰፍቷል። ይህን አስተጣጠፍ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አክስቴ በሩን ዘግታ ስትሄድ ብቻዬን ነው ያወጣሁት። በዚህ ዓለም ላይ ለአንድ ሰው ብቻ አሳይቻለሁ።

ከዚያ ስፌቱን አየሁ። ወደ ግራ ያጋድላል። በቀኝ የሚሰፋ ሰው መርፌውን እንዲህ አያስተኛም። ያቺን ግራ እጅሽን ለማስተው ስንት ጊዜ በመቀነት አስሬያት ነበር! አንቺም ስትፈቺ እኔም ሳስር ኖርን። ቀጥሎ ያሰብሁት ጧፉን ነው።

ከእጅሽ ጧፍ ገዝቻለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም። ይንጠባጠባል ብዬም ተቆጥቼሻለሁ፤ አንቺም አንገትሽን ደፍተሽ ሰማሽኝ።

የታመሙ አማት የሉም። ግንደበረትም የለሽም፤ ከእኔ በእግር መንገድ ላይ ነሽ። ነገሬ ሲያልፍ ደብዳቤውን ከእጅሽ ይቀበላል፤ ቅቤ ያልነካው ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ አወቅሁ። አንድ ነገር ብቻ አላወቅሁም። እናትሽ በር ላይ ሳትደርሺ፣ ለምን የማርያም በር ላይ ተቀመጥሽ?

ቀለመወርቅ


አስኮ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 1930 ዓ.ም.

እናቴ፤

ዛሬ የጻፍኩት ቦታ እውነተኛ ነው።

የጠየቁኝን ልመልስ። ስለ ፈራሁዎ ነው። ገረሱ ጫካ ከገባ በኋላ እኔም አብሬው ነበርኩ። በሐምሌ ጨርቅና ጨው ልገዛ ተልኬ ወደዚህ ስመጣ መጀመሪያ የመጣሁት እርስዎ ዘንድ ነበር። ከበራፉ ሳልደርስ አቶ መኳንንት ወንበርዎ ላይ ተቀምጦ አየሁት። እርስዎ ምሳ ያቀርቡለት ነበር። ገረሱን ፍለጋ ቤታችን የመጡት ሰዎች አስተርጓሚያቸው እሱ ነበር፤ ድምፁን አውቀዋለሁ። እናቴ ፈርታ ነው ያስገባችው ወይስ ወድዳ? ብዬ ቆምኩ። ሳላውቅ መግባት አልቻልኩም። በደብዳቤ ደጋግሜ የጠየቅኩዎትም ለዚህ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ለምን ትጠይቂኛለሽ ይሉኝ ነበር። የእርስዎ ጥርጣሬ የእኔን አበዛው።

በሩ ላይ የተቀመጥኩት እሙን ከሩቅ ለማየት ነው። እሑድ እሑድ ከእርስዎ ኋላ ስትገባ አያታለሁ፤ ከዚያ እሄዳለሁ። ላናግራት አላሰብኩም ነበር። ያን ቀን ግን ከእርስዎ ወደ ኋላ ቀርታ አየኋት። ቀሚሷን ከኋላ ደም ነክቶታል። ልትገባ እግሯን አነሣች፣ መልሳ አወረደችው፤ እያለቀሰች ነበር። ተነሥቼ በለበስኩት ነጠላ ሸፈንኳት። ሳታውቀኝ ምን አለችኝ መሰለዎት? "እትዬ፣ ልሞት ነው መሰለኝ፤ ለእማማ እንዳይነግሩብኝ።" ከንፈሬን ብነክስም ድምፄ ወጣ። ድምፄን አወቀችው።

እዚያው ዛፉ ሥር፣ እርስዎ እስኪወጡ ድረስ፣ የነገሩኝን ሁሉ ነገርኳት። እግዜር ከውጭም ይሰማል ያልኳት የራሴ ነው፤ ጫካ ውስጥ ደብር የለም። ወደ ገረሱ መመለስ ሲገባኝ ለእሷ ብዬ ቆየሁ። ቢገርፉኝም አልናገርም ያለችው ስለ እኔ ነው፤ አይቀየሟት።

አሁን የእኔን ይመልሱልኝ። ያ ሰው ቤትዎ እንዴት ገባ? ፈጠነንስ እሺ አሉት?

ተሻለች


ቆልፌ፣ ጥር 18 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለልጄ ለተሻለች፤

የመልሴ መዘግየት ከንዴት እንዳይመስልሽ። ተናድጄ ነበር፤ ከዚያ ዝም ብሎ አለፈልኝ። ከጠየቅሽው ልጀምር። አላከራየሁትም። ከወታደር ጋር መጥቶ "ይህን ክፍል እኔ ይዤዋለሁ" አለኝና ዕቃውን አስገባ። ምሳውንም ያቀረብሁለት ወታደሩ ቆሞ እያየ ነው። ላሚቱንም የነዷት በዚያው ሰሞን ነው። ይህን በወረቀት ያልጻፍሁት ፈርቼ ነበር፤ አንቺ ወድጄ መስሎሽ ከረምሽ። በሩን አንኳኩተሽ ብትጠይቂኝ ኖሮ ያ ሰው ሰምቶ ይይዝሽ ነበርና አለማንኳኳትሽን ይቅር ብዬሻለሁ።

የፈጠነን ነገር ጨርሻለሁ። በጥምቀት ማግስት መኳንንት መጥቶ "እንግዲህ ልጅቱ ደርሳለች፤ ቀን ቁረጡ" አለኝ።

"ደርሳለች ስትል ምን ማለትህ ነው?" አልሁት።

"ያው... የሴት ነገር ነዋ፣ እማማ።"

"የሴትን ነገር ታውቃለህ? ቁጭ በል ላስረዳህ።"

አስረዳሁት። ከአባቴ በተማርሁት ሥርዓት፣ ከሥሩ ጀምሬ፣ ምንም ሳልዘል። ገና አንድ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሲጠፋ የሕፃን አካል ምን እንደሚመስል ነገርሁት። ያለ ዕድሜዋ የወለደች ሴት ምን እንደምትሆን ነገርሁት፤ ሽንቷን መያዝ አቅቷት ከሰው ተለይታ የቀረችውን የጎረቤታችንን ልጅ በስም ጠራሁለት። ጨርቁ በምን እንደሚታጠብ ጀመርሁለት። ድሮ ዲያቆን ነበር፣ ታውቂያለሽ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። "እማማ፣ በእመብርሃን ይተዉኝ!" አለ። "አልጨረስሁም" አልሁት። "ፈጠነንም ጥራው፤ የሚያገባ እሱ ነውና አብሮ ይስማ። አባቱም ይምጡ። ለሁሉም በየተራ አስረዳለሁ።" ባርኔጣውን ረስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በጓዳው በኩል ያልፋል፤ ጋብቻውንም አላነሣም። ፈጠነ ወደ ሌላ ቤት ሽማግሌ መላኩን ፋሪዳ ነግራኛለች።

ለልጄ ለመናገር ያነቀኝን ለጠላት ስነግረው አላነቀኝም። የሚያስገርመኝ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ እሙን ጠርቼ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኋት። የምታውቀውን ነው፤ ቢሆንም ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ሲያበቃ "አንቺስ እማማ፣ ብቻሽን ስትሆኚ ፈርተሽ ነበር?" አለችኝ። አንቺ ስትለኝ አልገሠጽኋትም። "ልሞት ነው ብዬ ነበር" አልኋት።

ሰውየው ግን አሁንም የፊት ለፊቱን ክፍል እንደያዘ ነው። ስለዚህ ቤት ልትገቢ አትችዪም፤ እኔም አስኮ ድረስ ብመጣ ጉልበቴን የሚያውቅ ሁሉ ወዴት ነው ይላል። በጥር 21፣ በማርያም ንግሥ ወደ በሩ እመጣለሁ። እሙ በዚያ ቀን ውጭ የምትቆምበት ጊዜዋ ነው። እኔም አብሬያት ከውጭ እቆማለሁ። ማኅበርተኛዬ አበበች እንደ ልማዷ "እማማ ቀለመወርቅ፣ በዚህ ዕድሜዎ ደግሞ?" ብላ ሴቱን ሁሉ ታስቃለች፤ ትሳቅ። ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ አለኝ እላታለሁ። ከዚያ ዛፍ ሥር፣ ሦስታችን፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ።

ለስላሳ ነጠላ፣ ጥለቱን አንሥቼ፣ ቀድጄ ይዤልሽ እመጣለሁ። ሴት ጫካ ስትገባ ይህ አይቀርላትም፤ ማንም እንዳላሰበልሽ አውቃለሁ። የሰፋሁት በቀኝ ነው፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው።

እዚያ አታልቅሺ፤ አትሳሚኝም። እንደ ማንኛውም ሰው ጧፍ እገዛሻለሁ። በግራ እጅሽ አቀብዪኝ።

እናትሽ ቀለመወርቅ